መቶ ሴት ትንኝ ፍለጋ

ድሬዳዋ ተቀምጦ ቢምቢ ያጣ ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ እነሆኝ፣ እኔ ነኝ። ሌላው የከተማችን ሰው አጎበሩን ይሰቅላል፣ መስኮቱን ይዘጋል፣ ጆሮው ሥር እዝ ባለበት ቁጥር የራሱን ጉንጭ በጥፊ ይላል። እኔ ግን ነጭ ጭልፋ ይዤ ከሰፈር ሰፈር ስንከራተት፣ በየሰው በርሜል አንገቴን ስከትና ባዶ እጄን ስመለስ ነው የከረምኩት። አሁን ስለሳቅሁበት ነው የማወራችሁ፤ ያኔማ እንኳን ልስቅ ምራቄም አልዋጥ ብሎኝ ነበር።

ሁለተኛ ዲግሪዬን የምማረው በሽታ ስለሚያመጡ ተውሳኮችና ስለ ተሸካሚዎቻቸው ነው። "ሐኪም ነህ ማለት ነው?" ለሚለኝ ሁሉ "አይደለሁም" እላለሁ፤ እናቴ ደግሞ ከኋላዬ ሆና "ነው፣ ነው" ትላለች። በእሷ ምክንያት ሰፈራችን ውስጥ የታመመ ጉልበቱን ያላሳየኝ ሽማግሌ የለም። እኔም አገላብጬ አይና "ሐኪም ጋ ይሂዱ" እላለሁ። እስካሁን ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

ጥናቴ ስለ ወባ ትንኝ ነው። ወባ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ገጠርና ረግረግ ነው። አሁን ግን ከተማ ገብታ፣ ሰው ለመጠጥና ለልብስ ባጠራቀመው ንጹሕ ውኃ ላይ እንቁላሏን የምትጥል ዘመናይ ትንኝ መጥታለች። የእኔ ጥያቄ ቀላል ነው፦ በየቤቱ የሚረጨው መድኃኒት ይቺን ዘመናይ ይገድላታል ወይስ አይገድላትም? ይህን ለማወቅ እጮቿን ከየቤቱ በርሜል መልቀም፣ ላቦራቶሪ ወስዶ መቀለብ፣ ክንፍ አውጥተው ሲበሩ ደግሞ መድኃኒት የተቀባ ወረቀት በተለበጠበት ቱቦ ውስጥ አስገብቶ ማየት ያስፈልጋል። አማካሪዬ ዶክተር "ቢያንስ መቶ ሴት ትንኝ አምጣ" አሉኝ። ሴት ያሉበት ምክንያት የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ስለሆነች ነው። ወንዱ የአበባ ጣፋጭ እየላሰ፣ ፂሙን አንጨፍሮ የሚውል ሥራ ፈት ነው። መቶ ሴት ትንኝ፣ ያውም በድሬዳዋ! በሆዴ ሳቅሁ። ሦስት ቀን አይፈጅብኝም ብዬ ነበር የገመትኩት።

ጓዜን ለማሟላት ታይዋን ገበያ ወርጄ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪና ውስጡ ነጭ የሆነ ጭልፋ ገዛሁ። ሻጩ ጭልፋውን ከእጄ ወስዶ "ለሾርባ ከሆነ ይሄ ይሻልሃል" ብሎ ሌላ አቀረበልኝ። ለትንኝ ነው አልኩት። ትንሽ አየኝና ሳልጠይቀው ዋጋ ቀነሰልኝ፤ ያዘነልኝ መሰለኝ።

ቀጥሎ ቤት መረጣ መጣ። በዕጣ ስልሳ ቤት ወጣልኝ፤ ሰባተኛው የእናቴ ቤት፣ ማለትም እኔም የምኖርበት ቤት ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ኃጢአት ልናዘዝላችሁ። የእናቴን ቤት ማየት አላስፈለገኝም። እናቴ ማለት የበሩን ደፍ ሳይቀር በሳሙና የምታጥብ፣ እንግዳ ጫማውን ሳያወልቅ ከገባ የረገጠውን ቦታ ዓይኑ እያየ የምትወለውል ሴት ናት። ስለዚህ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ቅጹን አወጣሁና "እጭ ተገኝቷል?" ከሚለው ፊት "የለም" ብዬ ሞላሁ። "ሳይንስ ማለት በዓይን ማየት ነው" እያልኩ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የማስተምረው ሰው እኔው ነኝ።

የዩኒቨርሲቲያችን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ደግሞ ሰው ቤት ከመግባቴ በፊት አንድ ቀን ቀደም ብዬ ለባለቤቱ እንዳሳውቅ አዞኛል። ጥሩ ሕግ ነው፤ የሰው ቤት ዝም ብሎ አይገባም። እናቴ ይህን ስትሰማ "ለዚህ ለዚህማ እኔ አለሁልህ፤ አንተ ጥናትህን አጥና" አለችኝ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ከከዚራ ሰፈር እስከ ገበያው ድረስ የማያውቀን የለም። ዕድሩም፣ ማኅበሩም፣ ሠርጉም፣ ለቅሶውም በእናቴ አፍ ነው የሚጠራው። ልቤ ረክቶ እሺ አልኳት።

በመጀመሪያው ቀን ከጎረቤታችን ከእትዬ ፋጡማ ቤት ጀመርኩ። እትዬ ፋጡማ ልጅ ሳለሁ ከእናቴ እኩል የቀጣችኝ፣ ከእናቴ እኩል ያበላችኝ ሴት ናት። በሩን ስትከፍት ግቢው ገና ታጥቦ እርጥብ ነው። ልጆቿ የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው ተደርድረዋል፤ ለስላሳ በሰርቪስ ቀርቧል። ሁለቱ በርሜሎች አፋቸውን ደፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ውኃው የታለ ብዬ ጠየቅኳት።

"ደፋነዋ። እናትህ ትናንት መጥታ ልጄ ለዲግሪው በርሜል ሊያይ ነው፣ እንዳታሳፍሩት አለችን። ወላሂ ሌሊቱን ስንፈትግ ነው ያደርነው። አቦ ግባና እየው፣ ፊትህ ይታይሃል!"

አንዱን በርሜል አቅንታ፣ ትከሻዬን ይዛ አንገቴን አስገባችው። እውነቷን ነው፣ ፊቴ ታየኝ። ከፊቴ በቀር ግን ሌላ ፍጥረት አልነበረም። ለስላሳዬን ጠጥቼ፣ አመስግኜ፣ "የለም" ብዬ ሞልቼ ወጣሁ።

ሁለተኛው ቤት እንዲሁ። ሦስተኛው እንዲሁ። አራተኛው ቤት በርሜሉን አረንጓዴ ቀለም ቀብተው፣ ቀለሙ ስላልደረቀ ሸሚዜ ላይ ምልክት አስቀርቶብኛል። ማታ እናቴን ይዤ ለመንኳት። እማዬ፣ እኔ ቆሻሻውን ነው የምፈልገው፤ እንደነበረ ይተዉት፣ አይጠቡ፣ አይድፉ በይልኝ አልኳት። እሷም ቃሌን ሳታዛንፍ በማግስቱ ዞራ ተናገረች። ሰዉ ምን አለ መሰላችሁ? "የተባረከ ልጅ! እንዳንደክምለት ይሉኝታ ይዞት ነው" ብሎ ሁለት ጊዜ አጠበ።

በሁለተኛው ሳምንት የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መንገድ ላይ አስቁማ አመሰገነችኝ። እሷ ለዓመታት እየዞረች ለምና ያላስጠበችውን በርሜል እኔ በአሥር ቀን አስጠብቼላታለሁ። እጇን ጨብጬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም ነበር። በሕዝብ ጤና ረገድ ካየነው ታላቅ ሥራ ሠርቻለሁ፤ በመመረቂያ ጽሑፍ ረገድ ካየነው ግን ባዶ ሰንጠረዥ ታቅፌአለሁ።

ተስፋዬን ከከተማው ወጣ ባለችው መልካ ጀብዱ ላይ ጣልኩ። ከዕጣው ቤቶች ጥቂቶቹ እዚያ ናቸው፤ እናቴ ደግሞ እዚያ ማንንም አታውቅም። ለቤቶቹ ራሴ በስልክ አሳውቄ፣ "ምንም እንዳትነኩ" ብዬ አስጠንቅቄ በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። የመጀመሪያው ቤት በር ላይ ሽርጥ የታጠቀ ሰውዬ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሰላምታውን ሳንጨርስ "የእትዬ ዘነበች ልጅ አይደለህ?" አለኝ። ለካ ሚስቱ ገበያ ስትወጣ ዕቃዋን የምታሳርፈው እኛ ቤት ነው፤ እናቴም አደራ ብላ ኖሯል። በርሜሉ ታጥቦ፣ በዙሪያው አሸዋ ተነጥፎ፣ ውኃ የተባለ ነገር ጠብታም የለበትም። አራት ፓፓያና ዜሮ እጭ ይዤ ተመለስኩ። ፓፓያዎቹ፣ እውነት ለመናገር፣ ጣፋጭ ነበሩ።

እንግዲህ ሰንጠረዡን ይዤ አማካሪዬ ቢሮ ገባሁ። ዶክተር ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ደግሞ ከታች ወደ ላይ አዩት። ስልሳ ቤት፣ ስልሳ "የለም"። ይህን የሚያነብ ሰው ድሬዳዋን ሳይሆን የበረዶ አገር ያጠናሁ ነው የሚመስለው አሉኝ። ይህን እየተናገሩ ሳለ አንዲት ቢምቢ መጥታ የእጃቸው አንጓ ላይ አረፈች። እኔ ራሴን አላውቅም፣ ከወንበሬ ተነሥቼ "ዶክተር፣ እባክዎ አይንቀሳቀሱ" አልኩ። እሳቸው ግን ጧ አድርገው መቷት። ሬሳዋን በሶፍት አንሥቼ በባትሪዬ ሳያት የወባዋ ዓይነት አይደለችም። ቢሆንም ሐዘኔ አልቀነሰም።

ዶክተር እጃቸውን እየጠረጉ ቁርጡን ነገሩኝ። አምና አንድ ጊዜ ጊዜ ተራዝሞልኛል፤ አሁን አይራዘምም። በወሩ መጨረሻ እጭ በእጄ ከሌለ የዘንድሮው ምርቃት አለፈኝ ማለት ነው፤ ምዝገባ አድሼ ሌላ ዓመት እጠብቃለሁ። አብረውኝ የጀመሩት ጓደኞቼ ሁሉ ተመርቀው ሥራ ይዘዋል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ እናቴ ናት። አምና ሳልመረቅ ስቀር ለሰው ምን እንዳለች አውቃለሁ፤ "በቂ ትንኝ አልደረሰለትም" ነው ያለችው፣ እንደ አዝመራ። ዘንድሮ ድንኳን እንኳን ተናግራለች። እንዴት አድርጌ ደግሞ አልሆነም ልበላት?

ቤቴ የገባሁት በቀትር ነው፤ የድሬ ሙቀት ሰውን ሁሉ ጥላ ፍለጋ የሚያስገባበት ሰዓት። ሸሚዜን አውልቄ ሳሎን ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። ቁርጭምጭሚቴን አንድ ነገር ወጋኝ። እጄን አነሣሁ፤ ልመታ ስል ግን ዓይኔ አረፈባት። ወገኖቼ፣ ሌላዋ ቢምቢ ስታርፍ ጀርባዋን አጉብጣ ነው፤ የወባዋ ግን አፏን ተክላ ቂጧን ወደ ሰማይ ታነሣለች። ይቺ ደግሞ ሽቅብ አንሥታዋለች! "ጠጪ እቴ፣ ጠጪልኝ" እያልኩ እስክትጠግብ እግሬን ዘርግቼ ጠበቅኳት። ሁለተኛዋ መጣች። ሦስተኛዋ ግድግዳው ላይ ናት። ከተማውን ሁሉ ያካለልኩላቸው ፍጥረታት እኔን ሳሎኔ ውስጥ ይበሉኛል!

በአራት እግሬ እየዳህኩ፣ በኋላ በር ወጥቼ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ ማድ ቤቱ ጀርባ ደረስኩ። እዚያ ጥግ ላይ ሰማያዊ በርሜል አለ፤ በነጠላ ተሸፍኗል። በየቀኑ የማልፈው በርሜል ነው። ነጠላው በአንድ በኩል ተቀዶ አፍ ከፍቷል። ጭልፋዬን ላመጣ ስዞር እናቴ ከየት መጣች ሳልላት በርሜሉ ፊት ቆማለች።

"እሱን አትንካ። እሱ ለምርቃትህ ድግስ ነው" አለችኝ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ድግስ ያለ ውኃ አይታሰብም። እናቴ ዘንድሮ እንደምመረቅ የነገርኳት ዕለት በርሜሉን ሞልታ፣ በነጠላዋ ሸፍና፣ ማንም እንዳይነካው ከልክላ ኖሯል። ሦስት ወር ሙሉ! ከተማውን ሁሉ ስታስደፋ ይህኛው በርሜል ትዝም አላላት፤ ለእሷ እሱ ውኃ አይደለም፣ ድግስ ነው።

እማዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልየው አልኳት። የእሷ ቤት ትንኝ እንደሌለ፣ ኖሮም እንደማያውቅ ነገረችኝ። ወረቀቴም ላይ "የለም" ብዬ እንደጻፍኩ አስታወሰችኝ፤ ለካ ቅጼን አንብባዋለች። በጎኗ ሾልኬ ጭልፋውን ነከርኩና አወጣሁት። ነጩ ጭልፋ ውስጥ እጮች ይርመሰመሳሉ። ሌላው ዓይነት እጭ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል፤ የወባዋ ግን ውኃው ላይ ጋደም ትላለች። ሁሉም ጋደም ብለዋል፤ አንድም ሳይቀር። እንደገና ነከርኩ፣ እንደገና ሞላ። ጮኽኩ፣ ዘለልኩ፣ እናቴን አቅፌ አሽከረከርኳት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ወደፊት ሚስት ሳገባ እንኳን ይህን ያህል መጮኼን እጠራጠራለሁ።

እናቴ ግን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ በመዳፏ አፏን ያዘች። የሰው በርሜል ሌሊት ስታስፈትግ ከርማ፣ የራሷ በርሜል ጉድ ሆኖ መገኘቱ አንገበገባት። "ፋጡማ ብትሰማ ምን እላታለሁ?" አለች በመጨረሻ፣ እንባዋ እየመጣ። አጠገቧ ተቀምጬ የቤቱ ባለቤት ስም ጽሑፌ ውስጥ እንደማይወጣ፣ ሕጉም እንደሚከለክል ነገርኳት። ቤት ቁጥር ሰባት ተብሎ ብቻ ነው የሚጻፈው። በቁልቢ ገብርኤል ማል አለችኝ፣ ማልኩ።

ሕግ ሕግ ነውና የስምምነት ቅጹንም አነበብኩላት። ተሳትፎዋ በፈቃደኝነት እንደሆነ፣ በፈለገችው ጊዜ ማቋረጥ እንደምትችል ስደርስ አስቆመችኝ።

"ዘጠኝ ወር ተሸክሜህ ያላቋረጥኩ አሁን ነው የማቋርጠው? አምጣ ልፈርም።"

በማግስቱ ዶክተር ዘንድ ሄጄ ሰባተኛውን ቤት ሳላይ እንደሞላሁ ተናዘዝኩ። ቅጹን ተቀብለው አገላበጡት። ከዚያ "የለም" የሚለውን ሰርዤ፣ ትክክለኛውን ጽፌ፣ ቀን አስገብቼ፣ እንድፈርምበት አዘዙኝ፤ ስህተቱም እንዲደበቅ ሳይሆን ጽሑፉ ውስጥ እንዲገባ። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን የለም፣ እንዲህ ቀልሎኝ የወጣሁበትም የለም። በመጨረሻም ሥራው በፈታኞቹ ፊት እስኪያልፍ በርሜሉ እንዳይደፋ፣ ግን አንዲትም ትንኝ እንዳታመልጥ አሉኝ።

እናቴ ይህን ትእዛዝ እንደ ወታደር ተቀበለችው። የእኔን አጎበር ከአልጋዬ ላይ ነቅላ በርሜሉን ሁለት ዙር ጠቅልላ በገመድ ጠፈረችው። እንግዲህ ቤታችን ውስጥ ትንኞቹ አጎበር ውስጥ፣ እኔ ውጭ ማደር ጀመርን። እያደር ለመዳቸው። ጠዋት ጠዋት "ዛሬስ ስንት ወጡ?" ትለኛለች። ላቦራቶሪ የወሰድኳቸው ክንፍ ባወጡ ቁጥር ደውዬ እነግራታለሁ፤ ሴት ሲሆኑ እሰይ፣ ወንድ ሲሆኑ "እነሱማ ምን ይሠራሉ" ትላለች። መቶኛዋ ሴት የወጣች ዕለት እልልታዋን ዝቅ አድርጋ ነው ያሰማችኝ፣ እትዬ ፋጡማ እንዳትሰማ። የመድኃኒቱን ፈተና ሠራሁ፣ ቆጠርኩ፣ ጻፍኩ፣ በቀነ ገደቡ አስረከብኩ። መድኃኒቱ ገደላቸው ወይ የምትሉ ካላችሁ ጽሑፌን አንብቡት፤ እስካሁን ያነበበው ሰው ጥቂት ነው።

ጽሑፌን በፈታኞች ፊት የምከላከልበት ቀን ደረሰ። እናቴ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ከእትዬ ፋጡማ ጋር የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ ጥቁር መነጽራም፣ ፈገግታ የማይወዱ ሰው ናቸው። ጥያቄያቸውን በሰባተኛው ቤት ጀመሩ።

እጭ ከስልሳ ቤት በአንዱ ብቻ እንዴት ተገኘ? ያውም እንዲህ በብዛት? ውኃ በፈረቃ በሚገኝበት ከተማ ሦስት ወር ሙሉ ውኃ ሳይነካ የሚያስቀምጥ ቤተሰብስ አለ ወይ? ባለቤቷ ለአንድ ጉዳይ አስቀምጣው ነው አልኩ። ምን ጉዳይ አሉ። ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለብኝ አልኩ። ጉዳዩ ካልታወቀ ውኃው በእርግጥ የቤት ውኃ መሆኑን፣ አንተ ራስህ እጭ ያረባህበት አለመሆኑን በምን እናውቃለን ብለው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ቁልቢ ገብርኤል በአንድ በኩል፣ ዲግሪዬ በሌላ በኩል ያዙኝ።

ከኋላ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ተነሣች።

"ቤቱ የእኔ ነው" አለች። የእትዬ ፋጡማ አንገት ቀስ ብሎ ዞረ። "ውኃውን ያስቀመጥኩት ለእሱ ምርቃት ድግስ ነው። አምና አልሆነለትም፣ ዘንድሮ ይሆንለታል ብዬ። ቢምቢ እንደገባበት አላወቅሁም፤ ሳውቅም አፍሬ ደበቅሁ። ጠብቂ ስላላችሁኝ እስከ ዛሬ አልደፋሁትም። እንግዲህ እናንተው ንገሩኝ፤ ልድፋው ወይስ ለከርሞ ላቆየው?"

ፈታኙ መነጽራቸውን አወለቁ። ዶክተርን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ።

"ይድፉት እናቴ" አሏት። "ለድግሱ ሌላ ንጹሕ ውኃ ይቅዱ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም፤ የእትዬ ፋጡማ እልልታ ጆሮዬን ደፍኖት ነበር። ከአዳራሹ ስንወጣ ግን እናቴን ክንዷን ይዛ "ሁለት ጊዜ አስፈተግሽኝ አይደል?" ስትላት ሰምቻለሁ። እናቴ ሳቀች።

በርሜሉን በዚያው ቀን ለሦስት ሆነን ሙልጭ አድርገን ደፋነው፣ ፈተግነውም። የድግሱን ውኃ የሰጠችን እትዬ ፋጡማ ናት፤ አንድ በርሜል ሙሉ፣ ከግቢዋ በጄሪካን እያመላለስን። እናቴ ልትቀዳ ጎንበስ አለችና ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ሳልነገር ጭልፋዬን አምጥቼ፣ ባትሪዬን ግንባሬ ላይ አስሬ፣ በርሜሉን በአራቱም በኩል ነክሬ አየሁና "የለም" አልኩ። አሁን ግን አይቼ ነው።